በአንገር ሸለቆ አልማዝ የለም

ዝናቡ የያዛቸው ቁልቁለቱ ላይ ነበር። ከነቀምቴ ሲነሡ ሰማዩ ጠርቶ ስለነበር ክረምቱ ገና ነው ብለው ነበር የወጡት፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ከአንገር ሸለቆ ጥቁር ደመና እየተግተለተለ ወጣና መብረቁ ከጆሯቸው ሥር ተሰነጠቀ። ቀዩ አፈር ወዲያው ሳሙና ሆነ። የፊተኛዋን በቅሎ የኋላ እግሯ ከዳት። መሪያቸው ጨመዳ ልጓሙን ይዞ ወደ ኋላ ተንጋለለ፤ ተረከዙ ጭቃውን እያረሰ እስከ ገደሉ ጠርዝ ድረስ አብሯት ተንሸራተተ። ሚስቱ ድርቤ ከኋላ ወገቡን አቅፋ እንዲለቃት ጮኸችበት። ለቀቀ። በቅሎዋ ከነጭነቷ እየተገለባበጠች ቁጥቋጦውን ሰባብራ ወረደች፤ ከዚያ በኋላ ከታች የሚሰማው የጎርፉ ድምፅ ብቻ ሆነ።

ሀብተጊዮርጊስ ጠርዙ ላይ በደረቱ ተኝቶ ቁልቁል አየ። ከጭነቱ የሚታይ ነገር የለም። የዱቄቱ ስልቻ፣ ድንኳኑና የመድኃኒቱ ሳጥን አብረዋት ሄደዋል። ድርቤ ከፀጉሯ ውኃ እየጨመቀች ይመለሱ እንደሆነ ጠየቀችው። እሱ ደመናውን አየ፣ የቀረችውን በቅሎ አየ፣ ትንሽ ቢታገሡ እንደሚያባራ ነገራት። በዚያ ሰዓት መመለስ ቀላል ነበር።

ሀብተጊዮርጊስ የሸዋ ሰው ነው። በንጉሡ ዘመን፣ መንግሥት የአገሩን ማዕድን የሚያጠኑ ወጣቶችን አስተምሮ ወደየጠቅላይ ግዛቱ ሲልክ፣ እሱም ድንጋይ ተምሮ ነቀምቴ ተመደበ። የታዘዘው ኳርትዝ እንዲፈልግ ነበር፤ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ፣ ጎኑ በስድስት ማዕዘን የተጠረበ የሚመስል፣ ለሬዲዮ መሣሪያ የሚያገለግል ድንጋይ። ችግሩ ይህን ስም ከእሱ በቀር የሚያውቀው አለመኖሩ ነው። በገበያው አንዱ ብርጭቆ ይለዋል፣ ሌላው ባልጩት። የጉቴ አዳኞች ደግሞ ዳጋ ጨቢ ይሉታል። የበረዶ ድንጋይ ማለት ነው፤ ከሰማይ ወርዶ ሳይቀልጥ የቀረ በረዶ ነው ብለው ስለሚያምኑ።

ከሁሉም የከፋው ሽብሩ ያወጣለት ስም ነበር። ሽብሩ ጎጃም ተወልዶ ነቀምቴ የከበረ የጨው ነጋዴ ነው። አንድ ቀን ሀብተጊዮርጊስን ከሱቁ ጓዳ አስገብቶ ከሐር ጨርቅ ውስጥ አንድ የጠራ ድንጋይ አወጣና አልማዝ መሆኑን በሹክሹክታ ነገረው። ሀብተጊዮርጊስ አገላብጦ አይቶ አለመሆኑን አስረዳው። ሽብሩ በትሕትና አመሰገነ፤ ድንጋዩንም ሕፃን እንደሚጠቀለል በጥንቃቄ መልሶ ጠቀለለው። የመንግሥት ሰው እውነቱን እንደማይነግረው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ድንጋዩ የሚወጣበትን ተረተር የሚያውቀው ጨመዳ ነው። የጉቴ ተወላጅ፣ ጎሽ አዳኝ፣ ቁጥብ ሰው፤ አማርኛው ከሰላምታ አያልፍም። ድርቤ ግን ነቀምቴ አድጋ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለተማረች ሁለቱንም ቋንቋ እንደ ልቧ ትናገራለች። ሀብተጊዮርጊስ ባልየውን ለመሪነት ሲቀጥር እሷ አስተርጓሚ ሆና ልትከተል ተነሣች። ያለ እሷ ሁለቱ ሰዎች እንደ ዲዳ ነበሩ።

ቆላው በእንፋሎት ተቀበላቸው። ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ በውስጡ ሲሄዱ ሰማዩ ጠቦ እንደ ቀጭን መቀነት ይታያል። ዝንቡ ሰዉን በልብሱ ላይ እንኳ እየወጋ በቅሎዋንም ያደማት ጀመር። የአንገርን ወንዝ ጨመዳ በሚያውቀው መልካ፣ ገመድ ከዛፍ ዛፍ ወጥረው፣ ውኃው ብብታቸው ደርሶ ተሻገሩ። ከመሻገሪያው በታች አንድ ነጭ ገደል ቆሟል። ጨመዳ የጎሽ ኮቴ ሊያይ ወደ ፊት ሲቀድም ሀብተጊዮርጊስ ገደሉን በቢላው ጫረው፤ ተጫረለት። ሎሚ አንጠባጠበበት፤ ቀስ ብሎ አረፋ አወጣ። ኳርትዝ ቢሆን ቢላዋውን ራሱን ይጭረው ነበር። «እብነ በረድ ነው» አላት ድርቤን፣ በእጁ ገደሉን መታ መታ እያደረገ። እሷ ግን የሚንሸራተተውን ጭነት እያጠበቀች ስለነበር ቀና ሳትል ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ተረተሩ ያለው ከዚያ ወደ ላይ፣ ከአንድ ገባር ወንዝ ማዶ ነበር። ጨመዳ አናቱ ራሰ በራ የሆነውን ጥቁር ኮረብታ በጣቱ አሳይቷቸው ነበር። ወደዚያ ሲያቀኑ ሣሩ ውስጥ ጎሽ ተነሣባቸው። መጀመሪያ ትንፋሽ ሰሙ፤ ቀጥሎ ሣሩ ለሁለት ተከፈለ። ጨመዳ ድርቤን በክንዱ ገፍትሮ ጣለና ተኮሰ። ጎሹ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ተነሣ፣ ሀብተጊዮርጊስን በጎኑ ገፍቶት አልፎ ሸሸ። ሀብተጊዮርጊስ ጭቃ ውስጥ ተዘርግቶ የጎድን አጥንቱን በእጁ እየፈለገ ቆየ። አጥንቱ ደህና ነበር። በቅሎዋን ሲያገኟት ግን አንገቷን ደፍታ ቆማ ትንቀጠቀጥ ነበር። ጨመዳ ዓይኗን ገልጦ አየና አንዲት ቃል ተናገረ፤ ድርቤ መተርጎም አላስፈለጋትም። ገንዲ ነው። የቆላ ዝንብ ያመጣው የከብት በሽታ፣ መድኃኒት የሌለው።

በማግስቱ ድርቤ ራሷ መንቀጥቀጥ ጀመረች። በዚያ ሙቀት የባሏን ጋቢ ደርባ ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። ወባ ነው። መድኃኒቱ ገደል ውስጥ ቀርቷል። በቅሎዋ ሰው መሸከም አትችልም፤ ዳገቱን ደግሞ ሰው በጀርባው ሰው አዝሎ አይወጣውም። ሁለቱ ወንዶች በታማሚዋ አፍ እየተነጋገሩ ወሰኑ። ጨመዳ ብቻውን ወደ ነቀምቴ ገስግሶ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። ጠመንጃውን ይተውላቸዋል፣ እሱ ጦሩን ይይዛል። የነበሩበት ረግረግ ግን የትንኝ አገር ስለሆነ ሊጠብቁት አይችሉም። ሀብተጊዮርጊስ ያን ነጭ ገደል አስታወሰ፤ ከሥሩ ዝናብ የማያስገባ ጥላ አለው።

«እብነ በረዱ ጋ እንጠብቅሃለን በይው» አላት።

ድርቤ ዓይኗን ጨፍና ቃሉን ጥቂት ያዘችው። ከዚያ ለባሏ በኦሮምኛ ነገረችው። ጨመዳ ራሱን ነቀነቀ፣ ግንባሯን በመዳፉ ነካ፣ ጦሩን አንሥቶ ሣሩ ውስጥ ገባ።

ሀብተጊዮርጊስ ድርቤን ደግፎ ነጩ ገደል ሥር አደረሳትና መጠበቅ ጀመሩ። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ሸለቆውን ይጋርደዋል፤ ሲያባራ ሣሩ ይጨሳል። በቅሎዋ ሞተች፤ ጅቦች በጠራራ ፀሐይ መጥተው በሏት፣ ሀብተጊዮርጊስም ጥይት ላለመጨረስ እያየ ዝም አለ። ያለችውን ጥቂት በሶ በጥብጦ ለድርቤ ያጠጣታል፤ ታስመልሰዋለች። ልብሱን በውኃ ነክሮ ግንባሯ ላይ ያኖራል፤ ወዲያው ይደርቃል። በየጊዜው እየተነሣ ወደ መልካው ያያል። የሚመጣ የለም። ቀይ ሽፍታ እጁን ሲወርረው የእሱም ተራ እየደረሰ መሰለው፤ የዝንብ ንክሻ ብቻ ነበር። ማንበብ፣ መለካት፣ ድንጋይ መፈተሽ ያውቃል። አንዲትን ሴት እንዳትሞት ማድረግ ግን አያውቅም፤ እጁን አጣምሮ አጠገቧ ከመቀመጥ በቀር የሚሠራው አልነበረውም።

ጨመዳ መድረስ ከነበረበት ጊዜ ካለፈ በኋላ አንድ ጧት ትኩሳቱ ጥቂት ለቀቃት። ድርቤ ዓይኗን ገልጣ ከበላይዋ ያለውን ድንጋይ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«ለምን ወደ ድንጋዩ አልወሰዱኝም?» አለችው።

«ይኸው ድንጋዩ። እብነ በረዱ።»

«ይሄ?» እጇን አንሥታ ነካችው። «ይሄማ ዳጋ አዲ ነው ጌታዬ። ነጭ ድንጋይ። የበረዶው ድንጋይ እላይ ነው፣ የምንሄድበቱ።» እጇን ከድንጋዩ ላይ መለሰች። ሁለቱም አንድ ነገር ላይ እየደረሱ ነበር። «ትምህርት ቤት እብን ድንጋይ ነው ብለውናል። በረድም በረዶ። እኔ ዳጋ ጨቢ ጋ ና ብዬዋለሁ።»

ቃሉን ለሁለት ከፍላ፣ አንዱንም ሳታጓድል፣ ልክ እንደተነገራት ነበር የተረጎመችው። ሀብተጊዮርጊስ የሚቆጣው ሰው ፈለገ፤ አጣ። እሷ አልተሳሳተችም። እሱም ገደሉን በትክክለኛ ስሙ ነበር የጠራው። ጨመዳ መድኃኒቱን ይዞ ኮረብታው ላይ ይሆናል፤ ሚስቱ እዚህ ትሞታለች። ድርቤ ፊቷን ወደ ድንጋዩ አዙራ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፤ ከቀትር በፊት ትኩሳቱ ተመልሶ ራሷን አሳታት።

ሀብተጊዮርጊስ በጋቢው ጀርባው ላይ አሰራትና ተነሣ። ሣሩን በደረቱ እየጣሰ፣ እየወደቀ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ወጣ። ገባሩ ወንዝ ጋ ሲደርስ ወንዙ ሞልቶ ግንድ ይንከባለልበት ነበር። ቆሞ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ጎርፉ የጣለው ትልቅ ሾላ ከዳር እስከ መሐል ተጋድሟል፤ በእሱ ላይ በሆዱ ተሳበ። ከሾላው ጫፍ ወደ ማዶ ሲወረወር ውኃው ነጠቀው፣ ጠመንጃው ከትከሻው ወጥቶ ሄደ። ሥር ጨበጠ። ያኔ ነው ከጎኑ የሚንሳፈፈው ግንድ ዓይን እንዳለው ያየው። አዞው ቀስ ብሎ ዞረ። የሀብተጊዮርጊስ ሁለት እጆች ሥሩን ይዘዋል፤ ቢለቅ ወንዙ፣ ባይለቅ አዞው። ድርቤ ጀርባው ላይ በትኩሳት ታቃስታለች። ምንም አላደረገም፤ የሚያደርገው አልነበረም። ከላይ የመጣ የሞተ ድኩላ በጎርፉ እየተገለባበጠ በመካከላቸው ሲያልፍ አዞው ወደዚያ ዘለቀ፤ ውኃው ቀላ። ሀብተጊዮርጊስ ዳር ላይ ወጥቶ የድርቤን እስትንፋስ አዳመጠና ዳገቱን ተያያዘው።

ኮረብታው ላይ ሲደርስ ከጨመዳ በፊት ያገኘው ሽብሩን ነው።

ሽብሩ ጢሙ አድጎ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ከቁፋሮ አፈር ክምር ላይ ቆሟል። ድንጋዩን የሸጡለት አዳኞች ቦታውን ነግረውት፣ ሱቁን ዘግቶ ቆፋሪዎችና ጠመንጃ ይዞ ወርዶ ኖሯል። ከክምሩ ጎን የጠሩ ድንጋዮች በጆንያ ላይ ተዘርግተው ፀሐዩን ይመልሳሉ። ጨመዳ ከዛፍ ግንድ ጋር ታስሯል። ሚስቱን ሲያይ ስሟን ጠርቶ እጁ እስኪደማ ገመዱን ጎተተው።

ሽብሩ ታማሚዋን ሲያይ ደነገጠ። ጨመዳ መልካው ሞልቶበት ከላይ ባለ ሌላ መሻገሪያ ዞሮ ከቀናት በፊት መጥቶ ሚስቴ እዚህ ትጠብቀኛለች ማለቱን ነገረው። ኮረብታውን ዞረው ቢፈልጉ የሰው ዱካ እንኳ የለም። ስለዚህ ሰላይ ነው፣ መንግሥት ላከብን ብለው አሰሩት። መድኃኒቱን እንዳልነኩት፣ ድንኳኑ ውስጥ እንዳለ ማለ።

«እንግዲያው ይስጡኝ» አለ ሀብተጊዮርጊስ።

ሽብሩ አልተንቀሳቀሰም። ወደ ሰዎቹ አየ። ቆፋሪዎቹ ሥራ አቁመው ተሰብስበው ነበር፤ ከስተዋል፣ ጥቂቶቹ ራሳቸው በወባ ይንቀጠቀጣሉ። አለቃቸው ኩማ የሚባል ረጅም ሰው ጠመንጃውን ክንዱ ላይ አጋድሞ ይሰማል።

«ነገ ጥለን እንሄዳለን ብለውኛል» አለ ሽብሩ። «ጠጠር ነው የምታስቆፍረን ይሉኛል። እኔ ያለኝን ሁሉ እዚህ አፍስሻለሁ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። እርስዎ የመንግሥት ሰው ነዎት፣ ስሙን በፊታቸው ይጥሩልኝ። መድኃኒቱን ወዲያው ይወስዳሉ።»

«ኳርትዝ ነው።»

ከዚያም በሚችለው ሁሉ አስረዳ። ለሬዲዮ እንደሚሆን፣ ዋጋ እንዳለው፣ አልማዝ ግን እንዳልሆነ ነገራቸው። ኳርትዝ ሐምራዊ ሲሆን አሜቲስት እንደሚባል፣ ጭስ የመሰለውም ሌላ ስም እንዳለው፣ ባልጩት እንኳ የቅርብ ዘመዱ እንደሆነ፣ ሁሉም ግን አንድ ድንጋይ እንደሆነ ተናገረ።

ሽብሩ እስኪጨርስ ጠበቀው። «ለአንድ ድንጋይ ይህን ሁሉ ስም አውጥታችሁለታል» አለ፣ በቁጣ ሳይሆን በድካም። «እኔ አንድ ብጨምርበት ነው ውሸታም የምባለው?»

ድርቤ ጀርባው ላይ ድንገት ደረቀች። መንጋጋዋ ገጠመ፣ እግሮቿ ይርገበገቡ ጀመር። ጨመዳ በኦሮምኛ ጮኸ። የሚለው ቃል ለሀብተጊዮርጊስ አይገባውም ነበር፤ ግን ገባው።

«አልማዝ ነው» አለ።

ኩማ አንድ እርምጃ ቀረበ። «ድገመው» አለው።

«አልማዝ ነው። የአንገር አልማዝ።»

ኩማ ጎንበስ ብሎ ከጆንያው አንዱን ድንጋይ አነሣና በሸሚዙ ጠረገው። ሽብሩ ራሱ ቁጭ አለ፤ ሀብተጊዮርጊስን ያስገደደው እሱ ሆኖ ሳለ ሰምቶ ያመነው መጀመሪያ እሱ ነው። ጨመዳን ፈቱት። ጨመዳ መርፌ ሲወጋ ያየው በነቀምቴው ክሊኒክ ብቻ ነበርና ሀብተጊዮርጊስ ወጋት፤ ኪኒኑንም ባሏ ፈጭቶ በጣቱ ወደ ጉሮሮዋ አስገባው። ከዚያ ሁለቱ ሰዎች ከግራና ከቀኝ ተቀመጡ። የሚነጋገሩበት ቋንቋ አልነበራቸውም።

ድርቤ ዳነች። ቀስ ብላ፣ ፀጉሯ ረግፎ፣ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ዳነች። በሽብሩ በቅሎ ላይ ጭነዋት ከሸለቆው ሲወጡ ግን የአልማዙ ስም ቀድሟቸው ወጥቶ ነበር። ኩማ እህል ሊሸምት ነቀምቴ ደርሶ ተመልሷል። ጉቴ ሲደርሱ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ባረካቸው፤ አልማዙን ያገኘው ሰው ይኸው ይሉ ነበር።

ሀብተጊዮርጊስ ያን ስም ሊያስተባብል ተነሣ። ለአለቆቹ በግድ መናገሩን አስረዳ፤ ሣቁበት፣ ለራሱ ሊያስቀረው ነው ብለውም አሙት። ገበያ መሐል ቆሞ ተናገረ፣ ድርቤ ምርኩዝ ይዛ አጠገቡ ቆማ በኦሮምኛ ደገመችለት። የኳርትዝን ጠባይ እንዲያዩ ብሎ አንዱን ድንጋይ በብረት ጫረው፤ ብረቱ ተንሸራተተ። በመስታወት ላይ ሲያንሸራትተው መስታወቱ ተሰነጠቀ። ኳርትዝም መስታወት እንደሚቆርጥ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ሕዝቡ በአድናቆት አጨበጨበ። መስታወት የሚቆርጥ አልማዝ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ድንጋዩን በመዶሻ ቢፈረካክሰው ሰዎች ስብርባሪውን ተሻምተው ለቀሙት።

ከዚያ በኋላ ሰው መውረድ ጀመረ። ከነቀምቴ፣ ከጉቴ፣ ከኑኑ ቁምባ ሳይቀር ዶማና አካፋ ይዞ፣ እርሻው በሚጠብቀው ወራት፣ ክረምቱ በገባበት፣ ትንኙ በሚፈላበት ሸለቆ ውስጥ። ሀብተጊዮርጊስና ባልና ሚስቱ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ ይለምኑ ነበር። ሰዎቹ በጨዋነት ሰላም ብለዋቸው፣ የድርቤን ጤና ጠይቀው ያልፋሉ።

ዋቅወያ የሚባሉ ሽማግሌ ከልጆቻቸውና ከምራታቸው ጋር ሲደርሱ ሀብተጊዮርጊስ እጃቸውን ያዘ። ሽማግሌው እስኪጨርስ ሰሙትና ለድርቤ ጥቂት ቃል ነገሯት። ድርቤ ፊቷን ወደ ሀብተጊዮርጊስ መልሳ ተረጎመችለት።

«ምንም ካልሆነ ታዲያ እናንተ ለምን ሞት አፋፍ ድረስ ሄዳችሁለት እያሉ ነው።»

ሀብተጊዮርጊስ የሽማግሌውን እጅ ለቀቀ። እስኪያልፉ ቆመ። ምራታቸው በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ወደ ኋላ እያየው በዝናቡ ውስጥ ተሰወረ።

በማግስቱ ክሊኒኩ የሰጠውን ያህል የወባ መድኃኒት በበቅሎ ጭኖ ተመለሰ። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ድርቤ ትከሻዋን በነጠላ ጠቅልላ ቆማለች፤ ወደዚያ አገር ዳግም እንደማትወርድ ምላ ነበር፤ የሚያስቀራት ቃል ግን አልተናገረችም። ጨመዳ የበቅሎዋን ልጓም ያዘ፣ መንገዱን በጦሩ ጫፍ አሳየ፣ ከፊት ሆኖ ጭቃውን እየፈተነ መውረድ ጀመረ። ሀብተጊዮርጊስና ድርቤ ተከተሉት።

ከታች በጭጋጉ ውስጥ ረጅም የሰው ሰልፍ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ከኋላ ያለው አንዱ ዞር ብሎ አያቸው። ሀብተጊዮርጊስን ለይቶ ወደ ፊት ጮኸ፤ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ እስከ ሰልፉ ጫፍ ወረደ። የድንጋዩ ሰው ራሱ መጣ፣ አብሮን እየወረደ ነው ይሉ ነበር። ፊታቸው በራ። ሕፃናቱን አንሥተው፣ ዶማውን በትከሻቸው አጥብቀው፣ እርምጃቸውን አፈጠኑ።